ወፏ ሽቦ ላይ፣ ላሟ ሜዳ ላይ፦ በኤሌክትሪክ መስመሮች አጠገብ ስለሚደረግ ጥንቃቄ

የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ተደርድረው የተቀመጡ ወፎችን ያላየ ሰው የለም። ሽቦው 15,000 ቮልት የተሸከመ ቢሆንም ወፎቹ ላባቸውን ሲያበጥሩ ቆይተው ምንም ሳይሆኑ ይበርራሉ። ያው ሽቦ ተበጥሶ እርጥብ ሣር ላይ ሲወድቅ ግን ሽቦውን ጨርሶ ያልነካች፣ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላ የምትግጥ ላም በድንገት ተብረክርካ ልትሞት ትችላለች። የነካው ተርፎ ያልነካው የሚሞትበት ምክንያት በአግባቡ ከገባን፣ ስለ ኤሌክትሪክ መስመር የሚነገሩት የጥንቃቄ ደንቦች አብዛኞቹ ከዚሁ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ መሆናቸውን እናያለን። ምክንያቱን ማወቁ ደንቡን ከመሸምደድ ይበልጣል፤ አደጋው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በደንቡ ላይ ባልተጻፈ አኳኋን ነውና።

ቮልት የምንለው በአንድ ቦታ ላይ ብቻውን የሚገኝ መጠን ሳይሆን በሁለት ቦታዎች መካከል ያለ ልዩነት ነው። ውኃ ከከፍታ ወደ ዝቅታ እንደሚወርድ፣ ሁለቱ ወገኖች እኩል ሲሆኑ ደግሞ ባለበት እንደሚረጋ ሁሉ፣ ኤሌክትሪክም በሁለት ነጥቦች መካከል ልዩነት ከሌለ አይፈስስም። ወፏ ሁለት እግሮቿን ያሳረፈችው በአንድ ሽቦ ላይ፣ ያውም በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ነውና በእግሮቿ መካከል ያለው ልዩነት ከቁጥር አይገባም፤ ኤሌክትሪኩም በሽቦው መንገዱን ይቀጥላል እንጂ በእሷ በኩል የሚያልፍበት ምክንያት የለውም። ክንፉ ሰፊ የሆነ አሞራ ግን ሲነሣ ወይም ሲያርፍ ሁለት ሽቦዎችን፣ ወይም ሽቦውንና የምሰሶውን ብረት በአንድ ጊዜ ከነካ እዚያው ይሞታል። ኃይል ሳይቋረጥ በከፍተኛ ቮልት ሽቦ ላይ የሚሠሩ ልዩ ሥልጠና ያላቸው ሠራተኞችም የሚጠቀሙት የወፏን ዘዴ ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ልብስ ለብሰው፣ ከመሬት ጋር ፈጽሞ ሳይገናኙ ራሳቸውን ከሽቦው ጋር ያያይዙና ከእሱ እኩል ይሆናሉ።

የሌሎቻችን ችግር መሬት ላይ መቆማችን ነው። መሬት የልዩነቱ ሌላኛው ጫፍ ስለሆነች፣ በእግሩ የቆመ፣ መሰላል የወጣ ወይም ግድግዳና ዛፍ የተደገፈ ሰው አንደኛውን ጫፍ አስቀድሞ እንደያዘ ይቆጠራል፤ የሚቀረው ሽቦውን መንካት ብቻ ነው። "የጎማ ጫማ አድርጌያለሁ" የሚለው መተማመኛ እዚህ ላይ አይሠራም። ተራ ጫማ ለዚህ ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ላብ፣ ጭቃና በሶሉ ላይ የተሰካ አንድ ሚስማር የቀረውን ይጨርሱታል።

ሰውን የሚጎዳው በሰውነቱ ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲሆን፣ ጉዳቱን የሚወስኑት የፍሰቱ መጠን፣ ያለፈበት መንገድና የቆየበት ጊዜ ናቸው። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ የሚለካው በአምፔር አንድ ሺኛ፣ ማለትም በሚሊ አምፔር ነው። 1 ሚሊ አምፔር ገደማ ሲያልፍ ሰው ንዝረት ይሰማዋል። 10 ሚሊ አምፔር አካባቢ ሲደርስ ጡንቻ ከባለቤቱ ትእዛዝ ይወጣል፤ ጣቶች ይጨበጣሉ፣ ሰውየውም የጨበጠውን መልቀቅ ያቅተዋል። "ኤሌክትሪክ ያዘው" የሚለው አነጋገራችን በዚህ ረገድ ከብዙ ሳይንሳዊ ገለጻ ይልቅ ልክ ነው። በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ቻርልስ ዳልዚል በበጎ ፈቃደኞች ላይ ባደረጉት ልኬታ፣ ሰው የጨበጠውን ሽቦ በራሱ ኃይል መልቀቅ የሚችልበት ወሰን በአማካይ ለወንዶች 16፣ ለሴቶች 10.5 ሚሊ አምፔር ሆኖ ተገኝቷል። ከዚያ በላይ ሲሄድ የደረት ጡንቻዎች ይያዙና መተንፈስ ያስቸግራል። ፍሰቱ ልብን አቋርጦ ከ50 እስከ 100 ሚሊ አምፔር ሲደርስ ደግሞ ልብ ምቷ ሥርዓት ያጣል፤ ደም መርጨቷን ትታ ዝም ብላ ትርገፈገፋለች።

እነዚህ ቁጥሮች ምን ያህል ትንሽ እንደሆኑ ለማየት አንድ 10 ዋት የሆነ አምፖል ማሰብ ይበቃል። ይህ አምፖል ከ230 ቮልት መስመር የሚስበው 43 ሚሊ አምፔር ገደማ ነው፤ ማለትም አንዲት አምፖል የምታበራበት ፍሰት ሰውን ይዞ ለማስቀረት ከሚያስፈልገው ይበልጣል። ቆዳው የረጠበ ሰው ሰውነቱ ኤሌክትሪክን የመቋቋም አቅሙ ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ስለሚችል፣ 230 ቮልት ብቻ 230 ሚሊ አምፔር ሊያሳልፍበት ይችላል። ደረቅና ጠንካራ ቆዳ በዝቅተኛ ቮልት ጊዜ ጥቂት ይከላከላል፤ በሺዎች በሚቆጠር ቮልት ፊት ግን ቆዳው ወዲያው ተበስቶ ሥጋ ከውስጥ ይቃጠላል። ስለዚህ "የቤት መብራት መስመር ብቻ ነው" ብሎ መናቅም፣ ከፍተኛውን መስመር "ካልነካሁት ምን ያደርገኛል" ብሎ መቅረብም ሁለቱም ስሕተት ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላው ነገር በምሰሶ ላይ የተዘረጉት ሽቦዎች ልባስ ያላቸው መምሰሉ ነው። ከፍተኛና መካከለኛ ቮልት የሚያስተላልፉት ሽቦዎች በአብዛኛው የተራቆቱ ናቸው፤ መሐላቸው የብረት ክር ሆኖ ዙሪያው በአሉሚኒየም የተገመደ ሲሆን ከሌላው ነገር የሚለያቸው አየሩ ብቻ ነው። ጥቁር ሆኖ የሚታየውም አንዳንድ ጊዜ ፀሐይና ዝናብ ያጠቆረው ራቁት ብረት ነው፤ ልባስ ሲኖረውም ዘመን አድክሞት የተሰነጣጠቀ ሊሆን ይችላል። ሽቦውን ከምሰሶው የሚለዩት የሸክላ ወይም የመስታወት ስኒዎች ናቸው። የስኒው ሰንሰለት በረዘመ ቁጥር ቮልቱም ከፍ ያለ መሆኑን መገመት ይቻላል፤ ግምት ግን ሥራ ለመጀመር አይበቃም። ኃይል ያለው ሽቦና ኃይል የሌለው ሽቦ በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው። ቀለሙ አይለወጥም፣ አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም፣ አይሸትም። "መብራት ሄዷል" ስንልም የሄደው ከእኛ ቤት ነው፤ ቤታችን በጨለማ ተቀምጦ ከደጃችን ያለው ምሰሶ የሚሸከመው ሌላ መስመር ሙሉ ኃይል ሊኖረው ይችላል። የሄደውም ቢሆን ሲመጣ ለማንም አስቀድሞ አይናገርም።

አየሩ መከላከያ ነው ሲባል የአየሩም አቅም ልክ አለው። ደረቅና ንጹሕ አየር በአንድ ሚሊ ሜትር እስከ 3,000 ቮልት ድረስ ይቋቋማል፤ ሹል ጫፍ ያለው ብረት ሲጠጋው ግን ይህ አቅም በብዙ ይቀንሳል። በዚህ ሒሳብ ብቻ ከሄድን 15,000 ቮልት ሊዘል የሚችለው 5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ሹል ጫፍ ሲኖር ደግሞ ቢበዛ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው፤ ታዲያ እስከ 50,000 ቮልት ላለው መስመር ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል የሚለው በሰፊው የሚሠራበት ደንብ ለምን መጣ? ሦስት ሜትሩ የተተመነው ለብልጭታው ብቻ ሳይሆን ለሰውም ጭምር ነው። በእጅ የተያዘ ረጅም ብረት ይወዛወዛል፤ ሽቦው በነፋስ ይወዛወዛል፤ በፀሐይና በብዙ ጭነት ሲሞቅ ይረዝምና ይረግባል፤ ስለዚህ ጠዋት የለካነው ከፍታ ቀትር ላይ የለም። ከሁሉ በላይ ዓይናችን ከታች ወደ ላይ ሲያይ ርቀትን አሳንሶ ወይም አብዝቶ ይገምታል፤ ከበስተጀርባው ሰማይ ብቻ ያለው ቀጭን ሽቦ ምን ያህል እንደሚርቅ መለየት ለማንም ይከብዳል። ቮልቱ ሲጨምር ርቀቱም ይጨምራል፤ ለ132,000 ቮልት ወደ 5 ሜትር፣ ለ230,000 ወደ 6 ሜትር፣ ለ400,000 ወደ 8 ሜትር መራቅ ይገባል፤ የአካባቢው ኃይል አቅራቢ ከዚህ የሚበልጥ ርቀት ካዘዘ ደግሞ የሚሠራው እሱ ነው።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል በአንድ የግንባታ ሥራ ላይ እንመልከት። አንድ ሠራተኛ በሁለተኛው ፎቅ ጠርዝ ላይ ቆሞ ከታች የሚቀበሉትን ፌሮ ይስባል። ፌሮው 12 ሜትር ነው፤ ሠራተኛው መሐሉን ይዞ ወደ ውስጥ ለማስገባት ማዞር ይጀምራል። ዓይኑ ያለው ከፊቱ ባለው ጫፍ ላይ ነው፤ ያ ጫፍ ዓምዱን እንዳይመታበት ይጠነቀቃል። ሌላኛው ጫፍ ከበስተኋላው፣ ከሕንፃው ውጭ ስድስት ሜትር ርቆ በአየር ላይ ክብ እየሠራ ነው። ሠራተኛው ጥንቁቅ ሰው ነው፤ ችግሩ ጥንቃቄው በሙሉ በአንደኛው ጫፍ ላይ መሆኑ ነው። ጫፉ ሽቦውን ሲጠጋ የሚሰማው አንድ ፍንዳታ ነው፤ ፌሮውን የጨበጡ እጆች፣ እርጥብ አርማታ የረገጡ እግሮች፣ በመሐሉ ደግሞ ልብ። ሕንፃው ሲጀመር በምድር ላይ በቂ ርቀት ያለ መስሎ ይታያል፤ ፎቁ በጨመረ ቁጥርና በረንዳው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ግን ሽቦው ራሱ ወደ ሠራተኛው የመጣ ያህል ነው። መፍትሔው ለሠራተኛው "ተጠንቀቅ" ማለት አይመስለኝም። ሥራው ሳይጀመር ኃይል አቅራቢውን ጠይቆ መስመሩን ማዛወር፣ ማቋረጥ ወይም መሸፈን፣ ይህ እስኪሆን ድረስም በዚያ ወገን በኩል ምንም ዓይነት ረጅም ነገር እንዳይነሣ መከልከል ነው።

የአሉሚኒየም መሰላል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ጠርዝ፣ የቴሌቪዥን አንቴና፣ ከጉድጓድ የሚሳብ የውኃ ቧንቧ፣ ረጅም እጀታ ያለው የቀለም መቀቢያ ሁሉም የዚያው የፌሮው ወንድሞች ናቸው። መሰላልን አቁሞ ከመሄድ አጋድሞ መሸከም ይሻላል። የገልባጭ መኪና ሹፌር አሸዋውን ከገለበጠ በኋላ ሳጥኑን ሳያወርድ ወደ ፊት ሲነዳ ስንት ጊዜ እንደምናይ ልብ ይሏል። ክሬን ወይም ኤክስካቫተር በመስመር አቅራቢያ የሚሠራ ከሆነ ሌላ ሥራ የሌለው፣ ዓይኑን ከሽቦውና ከማሽኑ ክንድ ላይ የማይነቅል አንድ ሰው መሬት ላይ መመደብ አለበት፤ ኦፕሬተሩ ከተቀመጠበት ሆኖ ርቀቱን መለካት አይችልም። ይህ ጠባቂ ራሱም ማሽኑን መንካት የለበትም።

እንጨት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም የሚለው እምነትም ዛፍ ላይ ሲደርስ ይከሽፋል። ቁሞ ያለ ዛፍ በውስጡ ውኃ አለው፤ ቅርንጫፉ ሽቦ ሲነካ በግንዱ በኩል ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ሽቦ አጠገብ ያለን ዛፍ መውጣትም ሆነ መከርከም የባለቤቱ ሥራ ሳይሆን የመስመር ሠራተኞች ሥራ ነው። ሽቦ ላይ የተጠመጠመ የልጆች ካይት፣ ኳስ ወይም የወደቀ ድሮንም እንዲሁ በእንጨት አይወረወርም፣ አይጎተትም። የካይት ክር ከዝናብ በኋላ ወይም በላብ ሲረጥብ ራሱ ሽቦ ይሆናል።

አሁን ወደ ላሟ እንመለስ። ሽቦ ተበጥሶ መሬት ሲነካ ኤሌክትሪኩ በአፈሩ ውስጥ በየአቅጣጫው ይሠራጫል፤ ቮልቱም ከነካበት ቦታ ጀምሮ ወደ ውጭ በሄደ መጠን እየቀነሰ ይሄዳል። ኩሬ ውስጥ ድንጋይ ሲጣል እንደሚታየው ክብ በክብ የሚሰፋ ሞገድ አድርገን ብናስበው፣ እያንዳንዱ ክብ የየራሱ ቮልት አለው ማለት ነው። ለምሳሌ ያህል ሽቦው ባረፈበት ቦታ አጠገብ 4,000 ቮልት ቢሆን፣ አንድ እርምጃ ወጣ ሲሉ 2,000፣ ከዚያም ሲርቁ 1,000 ሊሆን ይችላል። ሰው አንድ እግሩን በአንዱ ክብ፣ ሌላውን በሌላው ክብ ላይ ሲያሳርፍ ልዩነቱ በእግሮቹ መካከል ይመጣል፤ እርምጃው በሰፋ ቁጥር ልዩነቱም ይሰፋል። ላሟ የምትሞተው በፊትና በኋላ እግሮቿ መካከል ያለው ርቀት የሰው እርምጃ ከሚደርስበት ስለሚበልጥና ፍሰቱ ከፊት ወደ ኋላ ሲያልፍ ልቧን ስለሚያቋርጥ ነው። ሰው ላይ ፍሰቱ መጀመሪያ ከእግር ወደ እግር ይሄዳል፤ ነገር ግን እግሩ ተይዞ ሲወድቅ እጁና ደረቱ መሬት ይነካሉና ያን ጊዜ ከላሟ የሚለየው ነገር የለም።

ከዚህ የሚወጡት ደንቦች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከወደቀ ሽቦ፣ ሽቦው ከነካው አጥር፣ ውኃ፣ ቆርቆሮ ወይም መኪና ጭምር ቢያንስ 10 ሜትር መራቅ ነው፤ መሬቱ ከረጠበ ወይም መስመሩ በትልቅ የብረት ማማ ላይ የተዘረጋ ከሆነ ከዚያም በላይ መራቅ ይገባል። ሁለተኛው፣ ሰው ሳያውቅ ገብቶ ሽቦው አጠገብ ራሱን ካገኘ ወይም እግሩ ላይ መንዘር ከተሰማው መሮጥ የለበትም። መሮጥ ማለት በተቻለ መጠን ሰፊ እርምጃ መውሰድ ማለት ነው። ይልቅስ ሁለቱን እግሮች አጣብቆ፣ ከመሬት ሳያነሡ፣ የአንዱ ተረከዝ ከሌላው ጣት ሳያልፍ በጥቂት በጥቂቱ እየጎተቱ ወደ መጡበት መመለስ ነው። ሲያዩት የሚያስቅ አካሄድ ነው፤ ልጆችን በጨዋታ መልክ ማለማመድ ይቻላል።

የወደቀ ሽቦ ጸጥ ብሎ ስለተኛ ሞቷል ብሎ ማሰብ ብዙ ሰው አስጨርሷል። በማከፋፈያ ጣቢያዎችና በመስመሮች ላይ ያሉት መቁረጫ ብሬከሮች ብዙዎቹ ኃይሉን ካቋረጡ በኋላ ጥቂት ቆይተው በራሳቸው መልሰው እንዲያገናኙ የተሠሩ ናቸው፤ ምክንያቱም አብዛኛው ብልሽት በነፋስ የተወዛወዘ ቅርንጫፍ ወይም መብረቅ ያመጣው፣ ለአፍታ ብቻ የሚቆይ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ፈንድቶ ጸጥ ያለ ሽቦ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ሁለተኛ፣ ከዚያም ሦስተኛ ጊዜ ኃይል ሊገባበት ይችላል። ሌላ ደግሞ ከዚህ የከፋ ጉዳይ አለ። ሽቦው የወደቀው ደረቅ አሸዋ፣ አስፋልት ወይም ኮንክሪት ላይ ከሆነ፣ ወደ መሬት የሚያልፈው ፍሰት በጣም ትንሽ ስለሚሆን ብሬከሩ ብልሽት መኖሩን ሳያውቅ ኃይሉን እንደያዘ ሊቀጥል ይችላል። ብሬከሩ የተሠራው መስመሩንና መሣሪያውን ከትልቅ ፍሰት ለማዳን ነው፤ ሰውን ለመግደል የሚበቃው ፍሰት ለእሱ ከተራ የመንደር ጭነት አይለይም።

ሽቦ መኪና ላይ ከወደቀ በመኪናው ውስጥ ያሉት ሰዎች ሽቦ ላይ እንዳለችው ወፍ ናቸው። የሚያድናቸው ብዙዎች እንደሚሉት ጎማው ሳይሆን በዙሪያቸው ያለው የብረት አካል ነው፤ ሁሉም ነገር እኩል ቮልት ላይ ስለሆነ በእነሱ በኩል የሚፈስስ ነገር የለም። ጎማውማ በውስጡ ካርቦንና የብረት ክር ስላለው ሊያስተላልፍና ሊቀጣጠልም ይችላል። አደጋው የሚመጣው ሰው አንድ እግሩን መሬት አድርጎ እጁን በር ላይ ሲተው ነው። ስለዚህ ከመኪናው ሳይወርዱ በስልክ እርዳታ መጥራትና የሚጠጉትን ሰዎች በመስኮት እየጮኹ ማራቅ ያስፈልጋል። መውረድ የሚፈቀደው መኪናው እሳት ከያዘ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም በሩን ከፍቶ፣ እጆችን ደረት ላይ አጣጥፎ፣ ሁለት እግርን አጣብቆ ከመኪናው ርቆ መዝለል፣ ሁለቱንም እግር በአንድ ጊዜ አሳርፎ ሳይወድቁ መቆም፣ ከዚያም ከላይ በተነገረው መጎተት መራቅ ነው። ዞር ብሎ ቦርሳ ማንሣት የለም። እሳቱን በውኃ ለማጥፋት መሞከርም፣ ኃይሉ መቋረጡ እስካልተረጋገጠ ድረስ፣ ለሚያጠፋው ሰው ሌላ ሽቦ መጨበጥ ነው።

ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው ማዳን ስሜት የሚፈታተን ነገር ነው፤ ሁለተኛው ሟች ብዙ ጊዜ ለመርዳት የሮጠው ነው። ቤት ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ የሚደረገው ብሬከሩን ማውረድ ወይም ስፒናውን መንቀል ነው። ይህ ጨርሶ ካልተቻለ ብቻ በደረቅ ነገር ላይ ቆሞ በደረቅ እንጨት ገመዱን ከሰውየው ላይ መግፋት ይቻላል። ሁላችንም በልጅነታችን የሰማነው ይህ የደረቅ እንጨት ምክር ግን ከቤት ውጭ፣ በምሰሶ መስመር ላይ አይሠራም። በሺዎች ቮልት ፊት ደረቅ የምንለው እንጨት በቂ መከላከያ አይደለም፤ መሬቱም ቢሆን ገና ሳንደርስ ይይዘናል። እዚያ ላይ ማድረግ የሚቻለው ሰው ማራቅና ኃይሉ መቋረጡን ከባለሙያ እስኪያረጋግጡ መጠበቅ ብቻ ነው፤ እንዲህ ማለት ጭካኔ ይመስላል፤ ከአንድ ይልቅ ሁለት ሬሳ ማንሣት ግን የባሰ ነው።

ሰውየው ከሽቦው ከተለየ በኋላ ሰውነቱ ውስጥ የቀረ ኤሌክትሪክ የለም፤ ሳይፈሩ መንካት ይቻላል። አፈር ውስጥ መቅበርና ወተት ማጠጣት የሚባሉት ነገሮች የሚያደርጉት ጊዜ ማባከን ብቻ ነው። የማይተነፍስ ከሆነ ወዲያው እርዳታ አስጠርቶ በደረቱ መሐል ላይ ሁለት እጅ ደራርቦ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች እየተጫኑ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መግፋት፣ ባለሙያ እስኪመጣም አለማቆም ነው። በነገራችን ላይ ይህ ደረትን የመጫን ዘዴ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር የቆየ ዝምድና አለው። በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ዘዴውን በ1960 እ.ኤ.አ. ለሕክምናው ዓለም ያቀረቡት ዊልያም ኩወንሆቨን ሐኪም ሳይሆኑ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበሩ፤ ወደዚህ ምርምር ያመጣቸውም የመስመር ሠራተኞች በኤሌክትሪክ እየተያዙ መሞታቸው ነበር። ተነሥቶ የተራመደና "ደኅና ነኝ" ያለ ሰውም ቢሆን ሐኪም ሊያየው ይገባል። በቆዳ ላይ የምትታየው ቁስል ትንሽ ሆና በውስጥ ያለው ጡንቻ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፤ ከተጎዳው ጡንቻ የሚወጣው ነገር ኩላሊትን ይደፍናል፤ የልብ ምትም ቆይቶ ሊዛባ ይችላል። ሽንት ወደ ቡናማ ከተለወጠ አንድ ሰዓት መጠበቅ አያስፈልግም።

እስካሁን ያየነው ከመስመሩ ወደ ሰው የሚመጣውን አደጋ ነው። ከቤት ወደ መስመሩ የሚሄድም አለ። መብራት ሲሄድ ጀነሬተሩን አስነሥቶ፣ ሁለቱም ጫፉ ስፒና በሆነ ገመድ ከግድግዳ ሶኬት ጋር የሚያገናኝ ሰው ቤቱን ብቻ ያበራ ይመስለዋል። ዋናው ብሬከር ካልወረደ ግን ኤሌክትሪኩ በቆጣሪው አልፎ ወደ መንገድ ይወጣና ትራንስፎርመሩ ጋ ይደርሳል። ትራንስፎርመር ከ15,000 ቮልት ወደ 400 ቮልት የሚያወርድ ከሆነ በግልባጩ ሲገባበት ደግሞ በዚያው ልክ ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ የአንድ ቤት ጀነሬተር ኃይል የሌለው መስመር ነው ብሎ ምሰሶ ላይ ለወጣ ሠራተኛ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ሊልክበት ይችላል። ብሬከር ማውረድ በሰው ትዝታ ላይ የተመሠረተ ጥንቃቄ ስለሆነ አያስተማምንም። የሚያስተማምነው ቤቱ በአንድ ጊዜ ከመስመሩም ከጀነሬተሩም ጋር መገናኘት እንዳይችል የሚያደርገው ማዘዋወሪያ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ባለሙያዎች ቼንጅ ኦቨር የሚሉት ነው። ባትሪ ያለው የፀሐይ ኃይል ሥርዓትም ይህንኑ መለያያ ይፈልጋል።

በትልልቅ መስመሮች ሥር ቤት መሥራት፣ ድርቆሽ መከመርና ቆሻሻ ማቃጠል የሚከለከለው ለመስመሩ ደኅንነት ብቻ አይደለም። እሳትና ወፍራም ጭስ የአየሩን የመከላከል አቅም ስለሚያዳክሙ ከሽቦ ወደ ሽቦ ወይም ወደ መሬት ብልጭታ ሊዘል ይችላል። ከመስመሩ ጋር ጎን ለጎን ረጅም ርቀት የሚሄድ የሽቦ አጥርም ማንም ሳይነካው ቮልት ሊይዝ ስለሚችል በየቦታው ከመሬት ጋር መያያዝ አለበት። ምሰሶን የሚደግፈው የታሰረ ሽቦ ላይ ከብት ማሰር፣ ልብስ ማስጫ ገመድ ከምሰሶ ጋር ማያያዝና ከምሰሶ ሥር አፈር መቆፈር በየመንደሩ የሚታዩ ናቸው። ከማማ ላይ ብረት፣ ከመሬት ውስጥ የመዳብ ሽቦ ፈትቶ የሚሸጥ ሰው ደግሞ ማማውን ያዳክማል፤ ብልሽት ሲፈጠር ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት በደኅና የሚወርድበትንም መንገድ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ማማውን የተደገፈ እረኛ ሊከፍልበት ይችላል። መሬት ሲቆፈር የማስጠንቀቂያ ጥብጣብ ወይም የተደረደረ ጡብ ከታየ ከሥሩ የተቀበረ የኤሌክትሪክ ገመድ ሊኖር ስለሚችል ዶማውን አስቀምጦ መጠየቅ ይገባል።

ሽቦ ከመውደቁ በፊት ምልክት የሚሰጥበት ጊዜም ብዙ ነው። የተሰነጠቀ ስኒ፣ ያዘነበለ ምሰሶ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ የረገበ ሽቦ፣ ማታ ማታ የሚታይ ብልጭታ፣ ዝናብ ሲዘንብ ከመንደር ምሰሶ ላይ የሚሰማ መንጣጣት መነገር አለባቸው። በትልልቅ ማማዎች ላይ ካሉት የከፍተኛ ቮልት መስመሮች በጭጋግና በዝናብ ጊዜ የሚሰማው የሽሽታ ድምፅ ግን ብዙውን ጊዜ የተለመደ ነው፤ አያስደነግጥም። ለኃይል አቅራቢው ሲደወል በምሰሶው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከሩቅ አይቶ መናገር የሠራተኞቹን ፍለጋ በብዙ ያሳጥራል፤ ሽቦው መሬት መንካት አለመንካቱን፣ አጠገቡም ሰው ወይም ከብት መኖሩን አብሮ መንገር ደግሞ ጥሪው ከሌሎች እንዲቀድም ያደርጋል።

ሠራተኞቹ ከደረሱ በኋላም ወዲያው ሽቦውን የማይነኩበት ምክንያት አለ። ኃይሉ ከጣቢያ ተቋርጧል ተብሎ በስልክ ቢነገራቸውም አያምኑም። መመርመሪያ መሣሪያቸውን መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚያውቁት ነገር ላይ ይሞክሩታል፤ ቀጥሎ ሽቦውን ይመረምራሉ፤ ከዚያም መሣሪያው በመሐል እንዳልተበላሸ ለማወቅ እንደገና ይሞክሩታል። በመጨረሻም ከሚሠሩበት ቦታ ግራና ቀኝ ሽቦዎቹን እርስ በርሳቸውና ከመሬት ጋር በወፍራም የመዳብ ገመድ ያያይዟቸዋል። እንዲህ ከሆነ አንድ ሰው ሳያውቅ ኃይሉን ቢመልሰው ወይም የአንድ ቤት ጀነሬተር ወደ መስመሩ ቢገፋ፣ ፍሰቱ በመዳቡ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል፣ ብሬከሩም ወዲያው ይቆርጠዋል፣ በመሐል ያለው ሠራተኛም ከሽቦው ጋር እኩል ሆኖ ይቆያል። ጓንቱን አጥልቆ ምሰሶውን መውጣት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።